የቦራ ጭራ፣ የዳማ ዓይን

ወንድሜን ሰፈሩ የሚያውቀው «ቀስ በሉ» በሚል ስም ነው። ለፈረሶቹም፣ ለሰውም፣ ምድጃ ላይ ለሚንተከተክ ውሃም የሚለው ያችኑ ነው፤ ቀስ በሉ። አርባ ዓመት ጋሪ ሲነዳ ጅራፉን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ አያውቅም ነበር። ለመያዙማ ይይዛል፤ ጅራፍ የሌለው ባለጋሪ ሥራ የፈታ ይመስላል ይላል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እኔን ደግሞ «ክብሪት» ብለውኛል፣ ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ ሞልቶታል። ያሳደገኝ እሱ ነው። ጸጉሬን እንኳ የሚያበጥርልኝ እሱ ነበር፤ በፈረስ ማበጠሪያ ነው ያበጠርከኝ እያልኩ እስከ ዛሬ እቀልድበታለሁ። እሱ አላገባም። እኔ አግብቼ ነበር፤ ሁለት ዓመት ኖሬ ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። በሩን ሲከፍትልኝ «ቀስ በይ እቱ፣ ደረጃው ተሰብሯል» አለኝ እንጂ ለምን መጣሽ አላለኝም። እንዲህ ያለ ሰው ነው ጋሼ። ይሄን ሁሉ የማወራው የበደልኩት ማንን እንደሆነ አስቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው በመንገዱ በኩል ነው፣ እሱ ይተኛበታል። የኋለኛው የኔ ነው፤ አልጋዬ አለ፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ አለች፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ የማጠራቅምበት ጆንያ። መስኮቱ ወደ ጓሮ ነው። ጓሮው ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰ ጋጣ አለ፣ የውሃ ገንዳ አለ፣ ወዲያ ማዶ የኔ የልብስ ገመድ። ከግንቡ ባሻገር የቆዳ መጋዘን አለ። ዝንቡን የምንቀበለው ከዚያ ነው። ሙቀት ሲገባ ቤታችን ውስጥ ሰው አፉን ከፍቶ መሳቅ አይችልም።

ፈረሶቹ ሁለት ናቸው። ሴቷ ዳማ ናት፤ ስሟም መልኳም ዳማ ነው። ወንዱ ቦራ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተጠምደው ከጡብ ፋብሪካው ጡብ አመላልሰዋል። ከጋሪው ሲፈቱ ጓሮ ገብተው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አቋቋም ይቆማሉ፤ የሷ ራስ በሱ ኋላ በኩል፣ የሱ ራስ በሷ ኋላ በኩል። እኔም በመስኮት እያየሁ «ደግሞ ዛሬ በምን ተኳረፉ?» እላለሁ። ባልና ሚስት አልጋ ላይ ጀርባ ሲሰጣጡ አይቻለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ፣ ያ ነው የመሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ዓይኔ ሥር የቆመ ነገር፣ አንድ ቀን ለምን እንዲህ ይቆማሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ጋሼም አልጠየቀም።

ያን ዕለት ለክሊኒኩ ዘጠኝ ነጭ ጋዋን ሰፍቼ፣ አጥቤ፣ ገመዱ ላይ አስጥቼ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሚረከቡኝ ናቸው። ጋሼ ዳማን ይዞ የፈረስ ጫማ የሚመታው ሰውዬ ጋ ሄዷል፤ የፊት እግሯ ጫማ ላልቶባት። ቦራ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ሲሆን ዝንቡ በዛበት መሰለኝ፣ አልቆም አለ። ሲዞር ሲዞር ኋላውን ወደ ገመዴ አመጣው። ጭራው ደግሞ የተኛበትን ፋንድያ እንደያዘ ነው። ግራ አወናጨፈ፣ ቀኝ አወናጨፈ። ድምፅ ሰምቼ ብቅ ስል አራቱ ጋዋኖች ከአንገት እስከ ጠርዝ አረንጓዴ ሆነዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ነው እንዲህ ሲሠራኝ! ደሜ ፈላ። መቀሱ እጄ ላይ ነበር።

ተናድጄ የማደርገውን አላውቅም ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር። ጭራውን በግራ እጄ ጨብጬ፣ አጥንቱ የሚያልቅበትን ቦታ በጣቴ ፈልጌ፣ ልክ ጨርቅ እንደምቆርጥ ክርች፣ ክርች፣ ክርች አደረግኩት። ቦራ ንቅንቅ አላለም። የቤት ሰው ነኛ፣ ምን ታደርገኛለች ብሎ። ያ ሁሉ ጥቁር ጸጉር እጄ ላይ ሲቀር ነው ንዴቴ ጥሎኝ የሄደው። ልጥለው ብል በር ላይ ሰው አለ። ወስጄ ጆንያው ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር ቀበርኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ መኪናዬን መርገጥ ጀመርኩ፣ የምሰፋው ነገር ሳይኖር።

ጋሼ መጣ። ዳማን አስገባ። ትንሽ ቆይቶ በመስኮቱ ብቅ አለ።

«እቱ፣ ቦራን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«ጭራው የለም።»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኩት፣ ጩኸቴ ለራሴም በዛብኝ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው አላየሁም! የሰፈር ዱርዬዎች ይሆናሉ። የፈረስ ጸጉር ለወጥመድ ይሰርቃሉ ሲባል አልሰማህም?»

ጋሼ መስኮቱ ላይ ቆሞ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መኪናዬ አየ። «ቀስ በይ፣ ጣትሽን እንዳትወጊው» ብሎኝ ሄደ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተነፈስኩ። ጸጉር አይደል፣ ያድጋል አልኩ በልቤ።

ዝናቡ አቆመ፣ ሙቀቱ ገባ። አሥር ቀን ሳይሞላ የዳማ የግራ ዓይን ውሃ ማዘል ጀመረ። ፊቷ ላይ ሲወርድ መስመር አወጣ፤ ዝንቦቹ ያንን መስመር ተከትለው ወጡና የዓይኗን ጠርዝ እንደ ኩል ከበቡት። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ይነሣሉ፣ ራሷ ሳይቆም ተመልሰው ያርፋሉ። ጋሼ ጨው ጣል ያለበት ለብ ያለ ውሃ ይዞ በንጹህ ጨርቅ ያጥብላታል። «ቀስ በይ እናቴ፣ ቀስ በይ» ይላታል። ባጠበው በሩብ ሰዓት እንደ ነበረ ይሆናል።

ያላደረግነው ነገር የለም። ፋንድያ በቆርቆሮ አጨስን፤ ዝንቡ ሸሸ፣ ጭሱ ግን ዓይኗን ይብስ አቀላው። ጋሼ ጋራዥ ሄዶ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ አመጣ፣ ሆዷንና እግሯን ቀባናት። ደም የሚመጠው ትልቁ ዝንብ ከሆዷ ተነሣ፤ ዓይን ግን ዘይት አይቀባ ነገር። እኔ ጨርቅ እንደ ዘርፍ ሸንሽኜ ከልጓሟ ጋር ሰፋሁላት፣ በግንባሯ ላይ እንዲወዛወዝ። ትልልቆቹን አባረረ፣ ትንንሾቹ በመሃሉ ገቡ። ከዚያ የድሮ መጋረጃ ፈትቼ ለፊቷ መረብ ሰፋሁላት። ሁለት ቀን ደህና ዋለች። ሁለት ቀን! ጋሼን «አየህ?» አልኩት፣ እሱም ሳቀ። በሦስተኛው ቀን አሳክኳት ፊቷን ከገንዳው ጠርዝ ጋር ስታሽ ዋለች፤ መረቡ ተጠማዘዘ፣ የስፌቴ እጥፋት ዓይኗ ውስጥ ገባ። ስናወልቅላት የግራ ዓይኗ መሃል ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ነገር ተቀምጦበታል። ቀኙም ማልቀስ ጀምሯል።

በዚህ ሁሉ መሃል ጭራው አንድ ቀን ትዝ አላለኝም ብል ትታዘቡኛላችሁ? ትዝ የሚለኝ እንዳይታወቅብኝ ስፈራ ብቻ ነው። ጭራና ዓይን ምን አገናኛቸው? ጭራ ኋላ ነው፣ ዓይን ፊት ነው። እንዲያውም ጆንያው ሲሞላ አውጥቼ ላቃጥለው አስቤ ነበር፤ የፈረስ ጸጉር ሲቃጠል ይሸታል ብዬ ተውኩት። ጋሼ ደግሞ እንደ ልማዱ ዝም። ጎረቤት «ምነው ፊትህ ጠቆረ?» ቢለው፣ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ይልና ያልፋል። የጡብ ፋብሪካው አለቃ ግን ዝም አላለም። «ስማ ቀስ በሉ፣ መኪና የሚገባበት ግቢ ነው። ያቺ ፈረስህ ካላየች ሰው ታስጨርሰኛለች። ዓይኗ ካልዳነ እንዳታስገባት» አለው። ያን ቀን ጋሼ ምሳውን አልበላም።

በአምስተኛው ሳምንት የእንስሳት ሐኪሟ መጣች። ወጣት ናት፣ ቦት ጫማዋ ከሷ ይከብዳል። የዳማን ዓይን በባትሪ አየች፣ የዓይኗን ቆብ ገልጣ አየች፣ ምላሷን ጠቅ አደረገች። ከዚያ ወደ ቦራ ሄደች። የሱን ዓይን ስታይ ግራ ገባት።

«የሁለቱም ጋጣ ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው ዶክተር» አላት ጋሼ።

«የሱ ዓይን እንደ ብርጭቆ ነው። ዝንቡ አንድ፣ ገንዳው አንድ። እሷን ብቻ ለይቶ ለምን?»

ስትናገር ዳማ ተንቀሳቀሰች። እንደ ሁልጊዜው ሄዳ ራሷን በቦራ ኋላ በኩል አቆመች፤ ቦራም ራሱን በሷ በኩል። የዳማ ረጅም ጭራ ወደ ቦራ ፊት ተወናጨፈ፣ ከዓይኑ ላይ ዝንቡን ጠረገለት። ቦራም በተራው አወናጨፈ። ያ ጉማጅ ነገር ወደዚህ አለ፣ ወደዚያ አለ፣ ምንም አልነካም። ዳማ ፊቷን ይብስ አስጠጋችለት። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ዝንቦቹ ንቅንቅ አላሉም።

ሐኪሟ ባትሪዋን አጠፋች። «እነዚህ እኮ ተራ በተራ ነው የሚጠባበቁት። የሷን ዓይን የሚጠብቀው የሱ ጭራ ነበር» አለች። «ማነው ይሄን ጭራ የቆረጠው?»

በበሩ መቃን ሥር ነበር የቆምኩት። አፈር ስሆን ተናገሪ፣ ተናገሪ አንቺ ሴት ይለኛል ልቤ፣ እኔ ግን መቃኑን በጥፍሬ እፍቃለሁ።

«እኔ ነኝ» አላት ጋሼ። «ከጎማው ጋር እየተጠላለፈ አስቸገረኝና ነው።»

ጋሼ ነው እንዲህ ያለው! በሕይወቱ ውሸት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ጎማው ጋ የሚደርስ ጭራ እንዳልነበር ያየ ሁሉ ያውቃል። ሐኪሟ ቆጣ አለች። «አርባ ዓመት ፈረስ ይዘው እንዴት ይሄን አያውቁም አባቴ?» አለችው። ጋሼ አንገቱን ደፋ፣ «አላወቅኩም» አላት። ይሄኛው እውነቱ ነበር። ግራው አልቋል፣ ቀኙን ግን እንሞክር አለችን። በቀን ሦስት ጊዜ ቅባት፣ ለአንድ ወር ደግሞ አንድ ዝንብ እንዳያርፍባት። አንድም።

እሷ ስትወጣ ጋሼ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ገባሁና ጆንያውን ጎትቼ አመጣሁ፤ ፊቱ ላይ ዘረገፍኩት። ቁርጥራጭ ጨርቁ ወረደ፣ በመጨረሻ ያ ጸጉር ወረደ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምን?»

«ያን ዕለት መቀስሽ ላይ ጸጉር ነበረበት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? አንተ ሰው አይደለህም? ብትሰድበኝ፣ በጥፊ ብትለኝ ምን ነበረበት!» ጮህኩበት። አያችሁ ጉዴን? ጥፋተኛዋም እኔ፣ የምጮኸውም እኔ።

«በዓይንሽ ማልሽ። መሐላሽን አፍርሼ ላሳፍርሽ አልፈለግኩም። ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ።» ጎንበስ ብሎ ጸጉሩን አነሣው፣ በመዳፉ መዘነው። «ይሄ እዚህ መኖሩን ግን አላወቅኩም እቱ። የጣልሽው መስሎኝ ነበር። ቢኖርስ ኖሮ መልሰን እናስረው ነበር።»

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ወንድሜ። ገባ። በሁለታችን አፍ በኩል አልፎ በዳማ ዓይን ገባ። ሁለታችንም ብናወራ ኖሮ፣ እኔ «ቆረጥኩት» ብል፣ እሱ «የት አደረግሽው?» ቢለኝ፣ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ምነው እጄን በቆረጠው አልኩ። ጋሼ «ቀስ በይ» አለኝ፣ «እጅሽን እንፈልገዋለን።»

በእርግጥም ተፈለገ። ጸጉሩን አጠብኩት፣ በጭብጥ በጭብጥ ለየሁት፣ በሸራ ቀበቶ ላይ በድርብ ክር ሰፋሁት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሙሽራ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም። በቦራ ጉማጅ ላይ የቀረውን ጸጉር ከቀበቶው ጋር ጎንጉነን አሰርነው። ቦራ ዞር ብሎ አየው፣ ግራ ገባው፤ አንዴ ሞከረው፣ ደግሞ ሞከረው። ከዚያ ዳማ መጣች። ፊቷን አስጠጋች። እሱ አወናጨፈ፣ ጸጉሩ ዓይኗ ላይ አለፈ፣ ዝንቡ ብን አለ። ጋሼ ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ። እኔ ግን በአደባባይ ነው ያለቀስኩት፣ ማንን አፍሬ!

ቀን ቀን ቦራ ሥራ ይወጣል፤ የሚበሉት ከዚያ ነው። ስለዚህ ቀኑ የኔ ሆነ። በተረፈው ጸጉር እጀታ ያለው ጭራ ሠራሁና ከጠዋት እስኪመሽ ዳማ ራስ ዘንድ ቆምኩ። ቅባቷን እቀባለሁ፣ አባርራለሁ፣ ለሷ አወራላታለሁ። እጄ ሲዝል ወደ ሌላኛው እቀይራለሁ። ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው ጎረቤቴን አቁሜ ነው። ክሊኒኩ ሥራውን ለሌላ ሰፊ ሰጠ፣ ይስጥ። ሰፈሩ «ክብሪት አበደች፣ ፈረስ ታራግባለች» ብሎ ሳቀ፣ ይሳቅ። በቀኙ ዓይን በኩል ጭራውን ሳመጣ ዳማ ዓይኗን እርግብ ታደርጋለች። ያቺን እርግብግቢት ነበር የምቆጥረው። እርግብ አለች፣ አለች፣ ታያለች እላለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እርግብ አደረገች።

በሃያኛው ቀን ጠዋት ጭራውን አመጣሁ፣ ዓይኗ እንደ ተከፈተ ቀረ። ሳላምን እጄን አመጣሁ። ጣቴን እስኪነካት ድረስ አስጠጋሁት። እንደ ተከፈተ ቀረ።

ሐኪሟ መጥታ አየች። «ስትጀምሩ ሕመሙ ውስጡ ገብቶ ነበር» አለችን። «የናንተ ጥፋት አይደለም። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቀደም ብንል ኖሮ ምናልባት...» ብላ ተወችው። ለማጽናናት ነው፣ አውቃለሁ። ሁለት ሳምንት። ጸጉሩ እግሬ ሥር አምስት ሳምንት ተኝቷል። ጋሼ ትከሻዬን ነካ አድርጎኝ የሐኪሟን ሳጥን ሊሸከምላት ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዓይኔ ምዬ አላውቅም። ሱቅ በር ላይ ሰው በዓይኑ ሲምል ብሰማ የገዛሁትን ጥዬ ነው የምወጣው።

የፋብሪካው አለቃ ያለውን አደረገ፣ ዳማን ከበር መለሳት። የቆዳ መጋዘኑ ሰውዬ ደግሞ ይባስ ብሎ በግንቡ ላይ አንገቱን አስግጎ «ያቺን ዕውር ምን ታደርጓታላችሁ? ለኔ ስጡኝ» አለ። ጋሼ ቀና ብሎ አየው። አርባ ዓመት ያላወጣውን ጅራፍ ከጋሪው መቀመጫ ሥር አወጣ። አልመታም፤ ዝም ብሎ ይዞት ቆመ። «ቀስ በል» አለው። ሰውዬው አንገቱን መለሰ።

አሁን ጋሼ ለሁለት ፈረስ የተሠራውን ጋሪ ሸጦ ለአንድ ፈረስ የሚሆን ትንሽ ጋሪ ይነዳል። ጠዋት ቦራን ይዞ ሲወጣ ዳማ የኮቴውን ድምፅ እስኪጠፋ ታዳምጣለች። ከዚያ ግንቡን በጎኗ እየታከከች፣ ገንዳውን በአፍንጫዋ አግኝታ አልፋ፣ ወደ መስኮቴ ትመጣለች። ፊቷን አስገብታ ከመኪናዬ በላይ ትዘረጋዋለች። መቀሱ ካገጯ ሥር፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው። ዓይኑ ቢጠፋም ዝንቡ አልተዋትም፣ ዛሬም ጠርዙን ይከባል። እሷም አትነቀንቅም፣ ትጠብቃለች።

የምሰፋውን ትቼ እነሣለሁ፣ ጭራውን ከምስማሩ አወርዳለሁ። መጀመሪያ እጄን ታሸተዋለች፣ ሁልጊዜ። ቦራን የቆረጠው እጅ ይሄ መሆኑን አታውቅም። አሽትታ ስትጨርስ ሁለቱንም ዓይኖቿን ትጨፍንልኛለች፤ እኔም ማባረር እጀምራለሁ።